ሞተሬ 270 ፈረስ፣ ፍሬኔ 1000 ፈረስ፦ ባለ ስድስት ፒስተኑ የፍሬን ኪት ከስምንት ወር በኋላ

ባለ ስድስት ፒስተኑን የፊት ፍሬን ኪት ከገጠምኩ ስምንት ወር ሞላኝ። በነዚህ ወራት ሰባት ቀን ትራክ ላይ ነድቼበታለሁ። ሥራ የምመላለስበት መኪናም ይኸው ነው። ኪቱ ሁለት የአሉሚኒየም ካሊፐሮች (ፒስተኖቹን የያዙትና ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጫኑት ክፍሎች)፣ 355 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላቸው ሁለት ዲስኮች፣ ማሰሪያ ብረቶች፣ በብረት ሽቦ የተሸመኑ ቱቦዎችና የፍሬን ሸራ አለው። የአምራቹን ስም እተወዋለሁ። ከሦስት አራት አምራቾች ከዚህ ብዙም የማይለይ ነገር ታገኛላችሁ፤ የምለውም ለሁሉም ይሠራል።

መልሴን ላስቀድም። ኪቱ ጎበዝ ነው። ግን ለአብዛኞቻችሁ መጀመሪያ መገዛት ያለበት እሱ አይደለም። ለምን እንደሆነ ለማስረዳት ከሞተሩ መጀመር አለብኝ፤ እኔም የጀመርኩት ከዚያ ነውና።

መኪናዬ ባለ ሁለት ሊትር ተርቦ ናት፤ ጉልበቷ ወደ ፊት ጎማ ነው የሚሄደው። እኔን ጨምሮ 1450 ኪሎ ትመዝናለች። ከፋብሪካ የወጣችው በ200 የፈረስ ጉልበት ነው። የሞተሩን ኮምፒውተር ፕሮግራም አስቀየርኩ፣ ትልቅ ኢንተርኩለር (ከተርቦው የሚወጣውን አየር የሚያቀዘቅዝ) አስገባሁ፣ የጭስ ማውጫውን አሰፋሁ። 270 ደረሰች። ሦስተኛ ማርሽ ላይ ነዳጅ ስሰጣት ወንበሩ ጀርባዬን ይገፋኛል። አንድ ወር ሙሉ ከፊቴ ፈገግታ አልጠፋም።

በምነዳበት ትራክ ረጅሙ ቀጥታ መንገድ የሚያልቀው ወደ ቀኝ በሚታጠፍ ጠባብ ኩርባ ነው። በድሮው ጉልበት እዚያ የምደርሰው በሰዓት 172 ኪሎ ሜትር ነበር። በአዲሱ 190 ሆነ። 18 ኪሎ ሜትር ምን አላት ትሉ ይሆናል። እኔም እንደዚያ ነበር ያልኩት። ግን መኪና የያዘው የእንቅስቃሴ ጉልበት ከፍጥነቱ ጋር እኩል አያድግም፤ በፍጥነቱ ካሬ ነው የሚያድገው። ከ172 ወደ 190 ስትሄዱ ፍጥነቱ የጨመረው 10 በመቶ ሲሆን ፍሬኑ ማጥፋት ያለበት ጉልበት ግን 22 በመቶ ይጨምራል። በዚያ ላይ ቀጥታው መንገድ ቶሎ ያልቃል። ፍሬኑ ንፋስ የሚያገኝበት ጊዜም ያጥራል። ለሞተሩ የጨመርኩትን እያንዳንዱን ፈረስ ፍሬኑ ላይ እንደ ዕዳ ነው የጫንኩት።

ዕዳው አራተኛው ዙር ላይ ተጠየቀ። የ150 ሜትሩ ምልክት ጋ ስደርስ ፍሬን ረገጥኩ። ፔዳሉ እግሬ ሥር ለስልሶ ወረደ። ግማሽ ድረስ ምንም የለም። ቶሎ ቶሎ ደጋግሜ ስረግጠው ትንሽ ያዘ። ኩርባው ግን አምልጦኛል። ጠጠሩ ውስጥ ገብቼ ቆምኩ። መኪናዋን ጭረት እንኳ አልነካትም። ጣቶቼ ግን መሪውን አለቅ ብለው ነበር። ከፊት ጎማዎቹ የሚመጣው የተቃጠለ ሽታ በሩን ሳልከፍት አፍንጫዬ ደረሰ።

መካኒኬ ዕድሜውን ሙሉ መኪና ሥር ያሳለፈ ሰው ነው። መኪናዋን ዞር ዞር ብሎ አየና፣ «የፍሬን ዘይቱን መቼ ቀየርከው ልጄ?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ሦስት ዓመት አልፎት ነበር።

የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይጠጣል። ዶት 4 የሚባለው ዘይት አዲስ ሲሆን ደረጃው ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ እንዲቆይ ይጠይቃል። እርጥበት ከጠጣ በኋላ የሚጠየቀው 155 ብቻ ነው። ዶት 3 ከዚያም ያንሳል፤ 205 እና 140 ነው። ዶት 5.1 ደግሞ 260 እና 180 ይደርሳል። (ዶት 5ን ከዶት 5.1 ጋር እንዳታምታቱት። ዶት 5 ሲሊኮን ነው፤ ከሌሎቹ ጋር አይደባለቅም።) ዘይቱ ሲፈላ ካሊፐሩ ውስጥ እንፋሎት ይፈጠራል። ዘይት አይታመቅም፤ እንፋሎት ግን ይታመቃል። ያን ጊዜ እግራችሁ የሚጫነው ሸራውን ሳይሆን አረፋውን ነው።

ዘይቱን አስወጥተን አዲስ ሲሆን ከ300 ዲግሪ በላይ የሚችል የውድድር ዘይት ሞላን። አየሩን ከአራቱም ጎማ አወጣን። በሚቀጥለው የትራክ ቀን ፔዳሉ አልለሰለሰም። ስድስተኛው ዙር ላይ ግን ሌላ ችግር መጣ። ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ጠጥሮ፣ መኪናዋ አልቆም አለች። ይህ የሸራው ድካም ነው። ለመንገድ የተሠራ ሸራ ከአቅሙ በላይ ሲግል መያዙን ይተዋል። ሁለቱን መለየት ትልቅ ነገር ነው፤ መድኃኒታቸው ለየቅል ነው። ፔዳሉ ከወረደ ዘይቱን ጠርጥሩ። ፔዳሉ ጠንካራ ሆኖ መኪናው ካልቆመ ሸራውን ጠርጥሩ።

ስለዚህ ሸራ ቀየርን። የትራክ ሸራ ሙቀት ይወዳል፤ ቅዝቃዜ አይወድም። ጠዋት ከቤት ስወጣ የመጀመሪያዋ መቆሚያ ላይ ከወትሮው ጠንከር አድርጌ መርገጥ አለብኝ። ሲጢጢጢ የሚል ድምፁ መንገደኛ ዞር ብሎ እንዲያይ ያደርጋል። ጥቁር ብናኙ ቸርኬው ላይ ይጋገራል፤ ከሳምንት በላይ ከተውኩት በብሩሽም አይለቅም። ሸራው አዲስ ሲገባ ደግሞ ዲስኩ ላይ ስስና እኩል ንጣፍ እስኪያኖር ድረስ ከመካከለኛ ፍጥነት ደጋግሞ እየቀነሱ ማሟሸት ያስፈልጋል። መሟሸቱን የዘለለ ሰው ብዙ ጊዜ «ዲስኬ ተጣመመ» እያለ ይመጣል። አብዛኛውን ጊዜ ዲስኩ አልተጣመመም። ንጣፉ ነው ቦታ ቦታ የተጋገረው።

ዘይትና ሸራ ብቻ ቀይሬ ሁለት የትራክ ቀን ያለ ችግር ነዳሁ። እውነቱን ለመናገር፣ በዓመት አንድ ሁለቴ ትራክ የምትወጡ ከሆነ እዚህ ላይ አቁሙ። ከዚህ በኋላ ያለው እንደኔ ለማያቆም ሰው ነው።

ሒሳቡን አብረን እንሥራው። 1450 ኪሎ የምትመዝን መኪና ከ190 ወደ 80 ስትወርድ 1.6 ሚሊዮን ጁል ገደማ ጉልበት ወደ ሙቀት መለወጥ አለበት። አምስት ሊትር ያህል ቀዝቃዛ ውኃ ለማፍላት ይበቃል። ፍሬኑ ይህን የሚጨርሰው በሦስት ሰከንድ ነው። ፔዳሉን በረገጥኩባት የመጀመሪያዋ ቅጽበት አራቱ ፍሬኖች የሚያጠፉት አቅም 750 ኪሎዋት ይጠጋል። በፈረስ ሲቆጠር 1000 ገደማ ነው። ሞተሬ 270። ፍሬኔ 1000። ይህን ወረቀት ላይ መጀመሪያ ስሠራ ተሳስቼ መስሎኝ ሁለቴ ደገምኩት።

ስለዚህ «ፍሬኔ ከሞተሬ ያንሳል» የሚለው አነጋገር ልክ አይደለም። ማንኛውም ጤነኛ መኪና፣ ትንሿ የከተማ መኪና ሳትቀር፣ ፍሬኗ ከሞተሯ ብዙ እጥፍ ይበልጣል። ልዩነቱ ትዕግሥቱ ላይ ነው። ሞተር ራዲያተር አለው። ውኃና ዘይት ሙቀቱን እየተሸከሙ ያወጡለታል። በደንብ የተሠራ ሞተር ግማሽ ሰዓት ሙሉ ቢጨነቅ አይደክመውም። ፍሬን ራዲያተር የለውም። ሙቀቱን መጀመሪያ የዲስኩ ብረት ይውጠዋል፤ ከዚያ ቀስ እያለ ለአየር ይሰጠዋል። በእኔ ሒሳብ በዚያች ኩርባ በእያንዳንዱ ዙር የፊት ዲስኮቹ 150 ዲግሪ ያህል ዘለው ይሞቃሉ። ያንን ሙቀት ሳይለቁ ሌላው ኩርባ ይመጣል። ከዚያ ሌላው።

ይህንን በዓይኔ ያየሁት በቀለም ነው። ሙቀት የሚያሳይ ቀለም አለ። በትንሽ ብሩሽ ዲስኩ ጠርዝ ላይ ሦስት ነጥብ ትቀባላችሁ፤ አረንጓዴ፣ ብርቱካናማና ቀይ። አረንጓዴው 430 ዲግሪ አካባቢ ይነጣል። ብርቱካናማው 560፣ ቀዩ 610 ላይ። አንድ ጠዋት ቀብቼ ወጣሁ። ሃያ ደቂቃ ነድቼ ተመለስኩ። ተንበርክኬ በቸርኬው ክፍተት በባትሪ አየሁ። ሦስቱም ነጭ። ዲስኩ ፊት ላይ ደግሞ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ስንጥቆች ከመሐል ወደ ጠርዝ መሮጥ ጀምረዋል። ጥፍሬን አስኬድኩባቸው። አንዷ ጋ ጥፍሬ ያዘኝ። መካኒኬ ሲያያት፣ «ጥፍር የሚይዝ ስንጥቅ ያለበት ዲስክ ከዚህ ግቢ አይወጣም» አለና ቁልፌን ኪሱ ከተተው። ትክክል ነበር።

ኪቱን ያዘዝኩት በዚያው ሳምንት ነው።

ሳጥኑን ስንከፍት መካኒኬ መጀመሪያ ያነሳው ካሊፐሩን ሳይሆን ሜትሩን ነው። የፒስተኖቹን ስፋት ለካ፤ 27፣ 32 እና 36 ሚሊ ሜትር። በየጎኑ ሦስት ሦስት። ካርቶኑ ጀርባ ላይ በእርሳስ ሒሳብ ጀመረ። የድሮው ካሊፐር አንድ ፒስተን ብቻ ነው ያለው፤ 57 ሚሊ ሜትር። ስድስት ፒስተን ሲባል ጉልበቱ ስድስት እጥፍ የሚመስለው ሰው አለ። አይደለም። የሚቆጠረው የአንድ ጎን ፒስተኖች ፊት በካሬ ሚሊ ሜትር ሲደመር ነው፤ አንድ ፒስተን ያለው ካሊፐር እየተንሸራተተ ሌላውን ጎን በዚያው ኃይል ይስበዋልና። በካሬ ሚሊ ሜትር ሲታይ የሦስቱ ድምር ከድሮው አንድ ፒስተን እንዲያውም ትንሽ ያንሳል። ዲስኩ ግን ከ312 ወደ 355 ስላደገ ሸራው የሚይዘው ከመሐሉ ርቆ ነው። ሁለቱ ሲጣጣሙ የፊት ፍሬን ጉልበት የጨመረው 9 በመቶ ገደማ ነው።

«የሠሩት ሰዎች ጎበዞች ናቸው» አለ መካኒኬ። እኔ ቅር ብሎኝ ነበር። ይህን ሁሉ ወጪ አውጥቼ 9 በመቶ? እሱ ግን ያየው ሌላ ነው። የፊት ፍሬን ጉልበት ብቻውን በብዙ ቢጨምር የፊት ጎማዎቹ ቀድመው መንሸራተት ይጀምራሉ። ጎማው እንዳይቆለፍ ፍሬኑን የሚያላላው ኤቢኤስ ቶሎ ይገባል። የኋላው ፍሬን የሚችለውን ሳይሠራ ይቀራል። መኪናዋ የምትቆምበት ርቀት ይረዝማል። ፒስተኖቹም በጣም ቢተልቁ ማስተር ሲሊንደሩ የሚገፋው ዘይት አይበቃቸውም፤ ፔዳሉ ረጅም ይሆናል። መጥፎ ኪት የሚታወቀው እዚህ ላይ ነው። በፎቶ ያምራል፤ መኪናው ግን ከበፊቱ ርቆ ይቆማል። ኪት ከመግዛታችሁ በፊት የፒስተኖቹን ስፋት ጠይቁ። ሻጩ መልስ ከሌለው ሌላ ሻጭ ፈልጉ።

ሁሉንም በሚዛን መዝነናል። የድሮው ዲስክና ካሊፐር በአንድ ጎማ 15 ኪሎ ነበር። አዲሱ ከነማሰሪያው 14። ካሊፐሩም የዲስኩ መሐልም አሉሚኒየም ስለሆኑ ነው። ሙቀቱን የሚውጠው የዲስኩ ቀለበት ግን ወፈር ሰፋ ብሎ 1.6 ኪሎ ብረት ጨምሯል። የምፈልገውም ይህንኑ ነበር።

ደስታዬ የቀነሰው ቸርኬው ጋ ነው። ባለ 17 ኢንች ቸርኬዬ አዲሱን ካሊፐር አላስገባ አለ። 18 መግዛት ግድ ሆነ። 18ቱ ከነጎማው በእያንዳንዱ ጥግ ሁለት ኪሎ ይከብዳል። ካሊፐሩ ላይ ያተረፍኩትን ኪሎ ቸርኬው መልሶ ወሰደው፤ ሌላም ጨመረ። ይህ ክብደት ደግሞ ከሞላው በታች ያለ፣ ከመሬት ጋር አብሮ የሚዘል ክብደት ነው። በዚያ ላይ የሚሽከረከር ነው። ሞተሩ መኪናዋን ወደፊት ሲገፋ እሱንም ማሽከርከር አለበት። ፍሬኑም ሲያቆማት እንዲሁ። በጎርባጣ መንገድ መሪው ላይ ትንሽ ድርቀት ይሰማኛል። ትልቅ ፍሬን ስታዩ ከኋላው ያለውን ቸርኬም አብራችሁ መዝኑ።

አሁን ወደ አነዳዱ። ሸራውንና ዲስኩን ካሟሸሁ በኋላ ባዶ ቦታ ላይ በጂፒኤስ መለኪያ ሞከርኩት። ከ100 እስከ መቆም፣ በዚያው ጎማ፣ በዚያው አስፋልት። የመጀመሪያዋ መቆሚያ ላይ በድሮውና በአዲሱ ፍሬን መካከል ያለው ልዩነት ከግማሽ ሜትር አይበልጥም። ሁለቱም 37 ሜትር አካባቢ ናቸው። ይህን ስናገር የሚቆጡ ወዳጆች አሉኝ። ግን ፔዳሉን ስትረግጡ ኤቢኤሱ የሚገባ ከሆነ፣ ፍሬናችሁ ጎማው ከሚችለው በላይ እየሠራ ነው ማለት ነው። መሬት የሚይዘው ጎማ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ አጥብቃችሁ ለመቆም ከፈለጋችሁ ጥሩ ጎማ ግዙ።

ልዩነቱ አሥረኛዋ መቆሚያ ላይ ነው። ሳላሳርፋት አከታትዬ ስረግጥ በድሮው ፍሬን 44 ሜትር ደርሳ ነበር። በአዲሱ 38 ላይ ቀረች። እግሬ ሥር ያለው ስሜት ግን ከቁጥሩ ይበልጣል። ፔዳሉ አሥረኛውም ላይ እንደ መጀመሪያው ነው። ያው ቦታ፣ ያው ጥንካሬ። ትራክ ላይ ያ እምነት ነው ጊዜ የሚሰጣችሁ። ምልክቱ ጋ እስክትደርሱ እግራችሁን ነዳጁ ላይ ታቆያላችሁ። 270ውን ፈረስ ሙሉውን የተጠቀምኩት ፍሬኑን ከቀየርኩ በኋላ ነው ብል ማጋነን አይደለም።

ይህ አዲስ ግኝት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1953 በፈረንሳዩ የለ ማን የ24 ሰዓት ውድድር ጃጓር ሲ-ታይፕ ያሸነፈው የደንሎፕ ኩባንያ የሠራውን የዲስክ ፍሬን ይዞ ነው። ቶኒ ሮልትና ደንከን ሃሚልተን በአማካይ በሰዓት 170 ኪሎ ሜትር ገደማ ነዱት። የዲስክ ፍሬን ያለው መኪና ዘግይቶ መርገጥ ይችላል፤ ሃያ አራት ሰዓትም ሙሉ አይደክመውም። እ.ኤ.አ. በ1955 መርሴዲስ በከበሮ ፍሬን የሚቆመው 300 ኤስኤልአር ላይ፣ ከሹፌሩ ጀርባ ቀጥ ብሎ የሚነሳ ትልቅ የንፋስ ክዳን ገጠመ። ሞተሩ ድንቅ ነበር። እሱን ለማቆም ግን አየሩንም መጥራት አስፈለገ።

በዘመናችን ደግሞ ቡጋቲ ሺሮን አለ። 1500 ፈረስ። እ.ኤ.አ. በ2017 የውድድር ሹፌሩ ሁዋን ፓብሎ ሞንቶያ ከቆመበት ተነስቶ በሰዓት 400 ኪሎ ሜትር ገብቶ መልሶ ለመቆም 41.96 ሰከንድ ፈጀበት። 400 ለመድረስ 32.6 ሰከንድ ወሰደ። ለመቆም ግን ከ10 ሰከንድ በታች ብቻ። ያ ሁሉ ሞተር፣ ያ ሁሉ ተርቦ፣ ፍሬኑ በሦስት እጥፍ ይቀድመዋል። የፊት ዲስኩ 420 ሚሊ ሜትር ነው፤ ካርቦን ሴራሚክ።

ካርቦን ሴራሚክ ለምን አልገዛሁም? ክብደቱ ከብረት ዲስክ ግማሽ ገደማ ነው። ፖርሽ እ.ኤ.አ. በ2001 በ911 ጂቲ2 መኪናው ላይ ካወጣው ጀምሮ የሁላችንም ሕልም ሆኗል። ግን ቀላል ስለሆነ ሙቀት የሚያጠራቅምበት ቁስ ያንሰዋል። ስለዚህ ተልቆ መሠራት አለበት፤ ቸርኬውም አብሮት ይተልቃል። ትራክ ላይ ደጋግሞ ሲነዳ ያልቃል፤ ሲያልቅ መተኪያው ከብረቱ ጋር አይወዳደርም። ትራክ ለሚያዘወትር ሰው የብረት ዲስክ እንደ ጫማ ነው። ያልቃል፣ ይቀየራል። በዚህ ኪት ዲስኩ ሲያልቅ ቀለበቱ ብቻ ነው የሚቀየረው፤ የአሉሚኒየም መሐሉ ይቀራል። ይህን በጣም ወድጄለታለሁ።

ሞተርና ፍሬን በግልጽ የሚጣሉበት አንድ ቦታ አለ፤ የመኪናው አፍ። ራዲያተሩም ኢንተርኩለሩም ፍሬኑም አየር የሚፈልጉት ከፊት ፓራውልቱ ነው። እኔ ኢንተርኩለሩን ሳሳድግ አፉን ሞላሁት። ለፍሬኑ አየር የሚሆን ቦታ ያገኘሁት የጭጋግ መብራቶቹን አውጥቼ ነው። በቀዳዳቸው 75 ሚሊ ሜትር ቱቦ አስገባሁና ወደ ዲስኩ መሐል አዞርኩት። ዲስኩ አየር የሚስበው ከመሐሉ ነው፤ ፊቱ ላይ ብትነፉበት አንዱን ጎን ብቻ ታቀዘቅዛላችሁ። እንደገና ሦስቱን ቀለም ቀባሁ። ሃያ ደቂቃ ነዳሁ። ተንበርክኬ አየሁ። አረንጓዴው ነጥቷል። ብርቱካናማውም ቀዩም እንዳሉ ናቸው። ከዚህ ሁሉ ሥራ ይበልጥ ያስደሰተችኝ ያቺ ብርቱካናማ ነጥብ ናት።

ሌላም ጠብ አለ፤ ብዙ ሰው አያውቀውም። የአብዛኛው ቤንዚን መኪና የፍሬን ፔዳል ለእግር የሚቀለው ሞተሩ አየር ሲስብ በሚፈጥረው ክፍተት (አየር አልባ ቦታ) ነው። የእግርን ግፊት የሚያግዘው ሰርቮ የሚሠራው በዚያ ነው። በፊት የነበረኝ ተርቦ የሌለው መኪና ላይ የውድድር ካምሻፍት (የሞተሩን ቫልቮች የሚከፍት ዘንግ) አስገብቼ ነበር። ከፍ ባለ ዙር ይጮሃል፤ ልብ ያሞቃል። ሚኒሞ ላይ ግን ሞተሩ በቂ ክፍተት መፍጠር አቃተው። መኪና ማቆሚያ ቦታ ውስጥ ቀስ ብዬ ስሽከረከር ሁለተኛው ሦስተኛው ርግጫ ላይ ፔዳሉ ይደርቃል። ፍሬኑን ማንም አልነካውም። ሞተሩን ስነካ ነው ፍሬኑን ያደረቅኩት። በኋላ የኤሌክትሪክ ፓምፕ ተገጥሞለት ዳነ።

በኤሌክትሪክ መኪና ጠቡ መልኩን ቀይሯል። እዚያ ሞተሩ ራሱ ፍሬን ነው። ፖርሽ ታይካን እ.ኤ.አ. በ2019 ሲወጣ በሞተሮቹ ብቻ እስከ 265 ኪሎዋት እየሰበሰበ ወደ ባትሪው ይመልስ ነበር። የዕለት ተዕለቱን መቆም በአብዛኛው እሱ ይጨርሰዋል። አጥብቆ ለመቆም የሚያስፈልገውን አቅም ግን አይሞላም፤ ትልልቆቹ ዲስኮች ዛሬም ከቸርኬው ጀርባ አሉ።

ኪቱ ላይ ያለኝን ቅሬታ ልናገር። ዲስኩ ከመሐሉ ጋር የተያያዘው ሲሞቅ እንዲሰፋ ትንሽ ልቀት ባላቸው ፒኖች ነው። በቀዝቃዛው፣ በጎርባጣ መንገድ፣ ኳ ኳ ይላል። ችግር አይደለም፤ ግን ያልነገሩት ሰው ኩሺኔታ ሄደ ብሎ ይደነግጣል። መመሪያው ላይ አልተጻፈም፤ መጻፍ ነበረበት። ከባዱ ቅሬታዬ ሌላ ነው። ፒስተኖቹ የአቧራ መከላከያ ጎማ የላቸውም። የውድድር ካሊፐር ልማዱ ነው፤ ያ ጎማ ትራክ ላይ ይቃጠላል። ግን ሻጩ ኪቱን የሸጠልኝ «ለመንገድም ለትራክም» ብሎ ነው። ለመንገድ የሚነዳ ሰው በየጊዜው ፈትቶ ማጽዳት እንዳለበት አልነገረኝም።

እናም ባለፈው ሳምንት የግራውን ካሊፐር ስናወርድ 36ቷ ፒስተን ዙሪያ ስስ እርጥበት አየን። መካኒኬ በጣቱ ነክቶ አሸተተው። ዘይት ነው። ፒስተኗን ሲያወጣት ጎኗ ላይ አቧራና ብናኝ ተጣብቆ ቀጭን ቡናማ ቀለበት ሠርቷል። እያንዳንዱ ርግጫ ያንን ቀለበት ዘይቱ እንዳይወጣ በሚያግደው ጎማ፣ በማኅተሙ ላይ ሲፍቀው ነበር። ለአሥራ ሁለቱም ፒስተን አዲስ ማኅተም አዝዣለሁ። መኪናዋ እስከዚያ የድሮውን ካሊፐርና አዲስ የፋብሪካ ዲስክ አድርጋ በ17ቱ ቸርኬ ሥራ ትመላለሳለች። ማኅተሞቹ ሲመጡ መካኒኬ አጠገቤ ቆሞ እያየ፣ እኔ በራሴ እጅ እቀይራቸዋለሁ።